በጨዋታ ሰው የሚነክስን ሀስኪ ልማዱን ለማስጣል የትኛው ዘዴ ይሻላል?

ሀስኪ የተባለው የሳይቤሪያ ውሻ በጨዋታ መካከል የሰው እጅ፣ እጅጌ ወይም ተረከዝ ላይ ጥርሱን የሚያሳርፈው ብዙውን ጊዜ ተቆጥቶ ሳይሆን ጨዋታው እንዲደምቅለት ፈልጎ ነው። ይህን ማወቅ ለተነከሰው ሰው እምብዛም ማጽናኛ አይሆነውም። የቡችላ የወተት ጥርስ ቀጭንና ሹል በመሆኑ ቆዳን በቀላሉ ይበሳል፤ ያው ቡችላ ሲያድግ ደግሞ ወንዱ ከ20 እስከ 27፣ ሴቷ ከ16 እስከ 23 ኪሎ ግራም ስለሚመዝኑ፣ በዚያ ክብደት ዘሎ ክንድ የሚይዝ ውሻ ሐሳቡ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ሕፃን ወይም አረጋዊ መጣል አያቅተውም። ልማዱን ማስጣል እንደሚገባ የሚከራከር የለም። ክርክሩ የሚነሣው በመንገዱ ላይ ነው፤ አንዱ ጩኽበት ይላል፣ ሌላው መጫወቻ ስጠው ይላል፣ ሦስተኛው ጀርባህን አዙርበት ይላል፣ አራተኛው ደግሞ መሬት ላይ አጋድመህ ጌታው ማን እንደሆነ አሳየው ይላል። እነዚህ ምክሮች ዋጋቸው እኩል አይደለም፤ ለሀስኪ ሲሆን ደግሞ ልዩነታቸው ይበልጥ ይሰፋል።

አንዱን ዘዴ ከሌላው ለይቶ ለመምረጥ የሚረዳው ጥያቄ፣ ውሻው ጥርሱን ቆዳ ላይ ባሳረፈ ቁጥር ምን ያገኛል የሚለው ነው። ይህን ዝርያ ያፈሩት በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ የሚኖሩት የቹክቺ ሕዝቦች ሲሆኑ፣ ያራቡትም ቀለል ያለ ጭነት የተጫነበትን የበረዶ ተንሸራታች በቡድን ሆኖ ለረጅም ሰዓት እንዲጎትት ነው። በ1925 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአላስካዋ ኖም ከተማ ዲፍቴሪያ የተባለው ተላላፊ የጉሮሮ በሽታ በተነሣ ጊዜ መድኃኒቱን በውርጭ ውስጥ እየተቀባበሉ ካደረሱት ውሾች መካከል ዝናቸው እስከ ዛሬ የዘለቀው ቶጎና ባልቶ ሀስኪዎች ነበሩ። እንዲህ ላለ ፍጥረት መሮጥ፣ መጎተትና ማባረር ራሳቸው ደመወዝ ናቸው። የተነከሰው እጅ ሲፈናጠር፣ ሰውዬው ሲጮህና ሲወራጭ፣ እጅጌው ሲለጠጥ፣ ሀስኪው የሚመኘውን ሁሉ በአንድ ንክሻ አገኘ ማለት ነው። ጥሩ ዘዴ ይህን ደመወዝ ያስቀራል፣ በምትኩም የተፈቀደ ሥራ ይሰጣል። ከዚህ በታች ያሉትን የምመዝናቸው በዚሁ ነው።

መጀመሪያ፦ ንክሻው በእርግጥ ጨዋታ ነውን?

ሀስኪ ወሬኛ ውሻ ነው። ያላዝናል፣ ያጉረመርማል፣ ከሰው ጋር የሚሟገት የሚመስል ረጅም ድምፅ ያሰማል፤ ስለዚህ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ተቆጥቷል ወይም እየተጫወተ ነው ብሎ መፍረድ ያሳስታል። መታየት ያለበት ሰውነቱ ነው። የሚጫወት ሀስኪ ልል ነው፤ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ ያደርጋል፣ መቀመጫውን ከፍ ያደርጋል፣ ነከስ አድርጎ ይለቅና ዞሮ ይመለሳል። ከጨዋታ የወጣ ውሻ ግን ሰውነቱ ይደርቃል፣ ለአፍታ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ዓይኑን ይተክላል ወይም የዓይኑ ነጭ እስኪታይ በጎን ይመለከታል፣ ከንፈሩን ሰብስቦ ጥርሱን ያሳያል። ይህ ሁኔታ በምግብ ሳህኑ አጠገብ፣ አጥንት እያኘከ ሳለ ወይም አንድ የሰውነቱ ክፍል ሲነካ ከታየ፣ እዚህ ከሚነጻጸሩት ዘዴዎች ማናቸውም አይበቁትም። ሰው ነክሶ የማያውቅ ጎልማሳ ውሻ በድንገት መንከስ ሲጀምርም የጥርስ፣ የጆሮ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል፣ ከአሰልጣኝ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር። ማጉረምረሙን የሚቀጡ ሰዎች ውሻውን ጨዋ ያደረጉት ይመስላቸዋል፤ የሚያጠፉት ግን ማስጠንቀቂያውን ነው፣ ቅሬታው እንዳለ ይቀራል። ሳያጉረመርም የሚነክስ ውሻ ከሚያጉረመርመው ይልቅ አደገኛ ነው።

ዕድሜም ከምርጫው በፊት ይቆጠራል። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች አሉት፤ እነዚህ በአራት ወር አካባቢ መርገፍ ይጀምሩና እስከ ስድስትና ሰባት ወር ባለው ጊዜ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በዚህ ወቅት ድዱ ስለሚያሳክከው ቡችላው የማኘክ ፍላጎቱ ያይላል። በውሃ ተነክሮ በማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየ ጨርቅ ወይም ለቡችላ ተብሎ የተሠራ የጎማ ማኘኪያ ያስታግሰዋል፤ ቀንድና ደረቅ አጥንት ግን ጥርስ ሊሰብሩ ስለሚችሉ ባይሰጡ ይመረጣል።

እንደ ቡችላ መጮህ ወይስ መጫወቻ ማቅረብ?

ሁለቱ ዘዴዎች ለጀማሪ አሳዳጊ ቶሎ የሚነገሩ ናቸው። የመጀመሪያው ቡችላው በነከሰ ቁጥር ሰውዬው በቀጭን ድምፅ «ዋይ!» እንዲል ይመክራል። መነሻው የማይናቅ ነው፤ አብረው የተወለዱ ቡችሎች ሲጫወቱ አንዱ አጥብቆ ከነከሰ የተነከሰው ይጮኽና ጨዋታውን ያቆማል፣ ነካሹም በዚህ መንገድ የመንጋጋውን ኃይል መመጠን ይማራል። ቡችላን ከእናቱና ከወንድሞቹ ከስምንት ሳምንት በፊት መለየት ከሚያሳጣው ትምህርት አንዱም ይኸው ነው። ምክሩን ወደ ሰው ሲያሸጋግሩት ግን ዋናው ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፦ በቡችሎቹ መካከል ያስተማረው ጩኸቱ ብቻ ሳይሆን የጨዋታው መቋረጥ ጭምር ነው። ጮሆ እጁን እያወራጨ የሚቀጥል ሰው ለሀስኪ ጨዋታውን አደመቀለት እንጂ አላቆመበትም። ዘዴውን ለመፈተን ብዙ ቀን አያስፈልግም። ቡችላው ድምፁን ሲሰማ ቆም ካለና የነከሰውን ቦታ ከላሰ ይሠራል፤ ፈጥኖና ዘሎ ከመጣ ወዲያውኑ መተው አለበት። በእኔ ግምት ከንቁ ሀስኪዎች ብዙዎቹ በሁለተኛው ወገን ይመደባሉ።

መጫወቻ ማቅረብ ከዚህ በእጅጉ ይሻላል፤ ጥቅሙ ግን በሰዓቱ ላይ የተመሠረተ ነው። ቡችላው ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ ዓይኑን እጅጌው ላይ ጥሎ፣ ለመዝለል ኋላ እግሮቹን ሲያመቻች ያለችው ቅጽበት መጫወቻው የሚቀርብባት ናት። ጥርሱ ከመድረሱ በፊት ረዘም ያለው የጨርቅ ጉንጉን መሬት ላይ መንቀሳቀስ ከጀመረ ዓይኑ ይከተለዋል፣ አፉም ወደዚያው ይሄዳል። በተቃራኒው መጫወቻው ሁልጊዜ ከንክሻው በኋላ ብቅ የሚል ከሆነ፣ ብልጡ ሀስኪ ንክሻን መጫወቻ መጥሪያ አድርጎ ሊማረው ይችላል። ዘዴው ከሁለት ወር እስከ አራት ወር ላለ ቡችላና ጥርስ ለሚቀይር ሁሉ ቀዳሚው ምርጫ ሊሆን ይገባል፤ መጫወቻው ግን እጅ ከአፉ እንዲርቅ ረጅም ይሁን፣ ቡችላው በሚውልበት ክፍል ሁሉ አንድ አንድ ይቀመጥ። መሳቢያ ውስጥ ያለ መጫወቻ ለዚህ ሥራ እንደሌለ ይቆጠራል።

በገመድ መጎተት ውሻን ኃይለኛ ያደርጋል ብለው የሚከለክሉ አሉ። መጎተት በደሙ ላለ ሀስኪ ይህን መከልከል የተሻለውን መተንፈሻ መንፈግ ነው። የሚያስፈልገው ሥርዓት ነው፦ ጨዋታው በአንድ ቃል ይጀምራል፣ «ልቀቅ» ሲባል በሥጋ ቁራጭ ልውውጥ ይለቀቃል፣ ጥርስ እጅ ከነካ ገመዱ ወዲያው ይወድቅና ጨዋታው ለግማሽ ደቂቃ ይቆማል።

ጨዋታውን ማቋረጥ

ለሀስኪ የመጨረሻ ምርጫዬ የትኛው ነው ብባል ይህን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የንክሻውን ደመወዝ በቀጥታ የሚያስቀር ነው። አፈጻጸሙ ቀላል ይመስላል፤ ጥርስ ቆዳ ሲነካ ሰውዬው ሳይጮህና ሳይገፋ ይቆማል፣ እጁን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፣ ዓይኑን ያዞራል፤ ውሻው ካላቆመ ከአጭር የእንጨት አጥር ወይም ከበር ማዶ አልፎ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይቆይና እንዳልተከሰተ ነገር ይመለሳል። ከዚያ በላይ መቆየት ትርጉም የለውም፣ ቡችላው ነገሩን ከንክሻው ጋር ማያያዙን ያቆማልና። ውሻውን ወደ መኝታው ወይም ወደ ሣጥኑ መስደድም አይመከርም፤ ማረፊያው የቅጣት ቦታ ከሆነ በኋላ በፈቃዱ አይገባበትም።

የሚከብደው የአካሄዱ ዝርዝር ነው። ሱሪ ወይም ተረከዝ የሚነክስ ሀስኪ ፊት ተራምዶ መሄድ የሚሸሽ ኢላማ ማቅረብ ነው፤ ከሱ ወዲያ ጨዋታ የለውም። ለዚህ መፍትሔው ቀድሞ መዘጋጀት ነው። ቡችላው ሰው በሚያየው ጊዜ ብቻ ቀለል ያለ የቤት ውስጥ ገመድ በደረት ማሰሪያው ላይ ይደረግለትና ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ይያያዝ፣ ሰውዬው ከገመዱ ርዝመት ውጭ ለመሆን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ብቻ ይበቃዋል። ሌላው የሚያደናግረው ነገር፣ ውጤቱ ከመታየቱ በፊት ንክሻው ለጥቂት ቀናት ሊብስ መቻሉ ነው። እስከ ትናንት ይሠራለት የነበረ ነገር ዛሬ እንቢ ሲለው ውሻው ያንኑ አጠንክሮ ይሞክራል፣ ይጮሃል፣ ይዘላል። ብዙ ሰው ዘዴው አልሠራም ብሎ የሚተወው በዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ የተወበት ቀን ደግሞ ውሻው አጥብቆ መንከስ እንደሚያዋጣ ይማራል። የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ካልሆነም አይሳካም፤ አባት እያቋረጠ ወንድ ልጁ ወለል ላይ ተንጋሎ በባዶ እጁ የሚያታግለው ከሆነ ንክሻው አንዳንዴ ስለሚያዋጣው ሀስኪው ዕድሉን እየሞከረ የማይሰለች ቁማርተኛ ይሆናል።

ሌላ ድርጊት ማስተማር

ይህ ዘዴ ከማቋረጡ ጎን የሚሄድ እንጂ የሚተካው አይደለም። ውሻው በጥርሱ ፋንታ በአፍንጫው የተዘረጋ መዳፍ እንዲነካ፣ ሰው ሲመጣ እንዲቀመጥ ወይም መጫወቻውን በአፉ ይዞ እንዲቀበል ይሠለጥናል፤ ያደረገው በትክክለኛው ቅጽበት መሆኑ በአጭር ቃል ወይም በክሊከር (ሲጫኑት ቀጭ የሚል ትንሽ የማሠልጠኛ መሣሪያ) ድምፅ ይነገረዋል፣ ትንሽ የሥጋ ቁራጭ ይከተላል። ሀስኪ እንዲታዘዝ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ እንዲስማማ ማድረግ ይኖርበታል፤ ስለዚህ ትምህርቱ ሳይሰለች በሁለትና በሦስት ደቂቃ ቢያልቅና በቀን ብዙ ጊዜ ቢደጋገም ይሻላል። ዘዴው አጀማመሩ ዘገምተኛ ቢሆንም ውጤቱ ከሁሉም ይቆያል፤ በተለይ እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ለሚዘልና ለሚነክስ ጎልማሳ ውሻ ይህን የሚያህል የለም። ድክመቱ ቡችላው ከገነፈለ በኋላ የማያገለግል መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት ሥጋውንም ጣቱንም አብሮ ይወስዳል።

ቅጣት፦ ለምን ከዝርዝሩ ይወጣል?

አፉን ጨምድዶ መያዝ፣ አንገቱን አንቆ መነቅነቅ፣ በጀርባው አጋድሞ መጫን፣ መምታትና በኤሌክትሪክ የአንገት ማሰሪያ ማስደንገጥ እስካሁን የሚመከሩ ናቸው፤ አብዛኛው መነሻቸውም ውሻ እንደ ተኩላ መንጋ የበላይ ይፈልጋል የሚል አስተሳሰብ ነው። ሐሳቡ የተስፋፋው የእንስሳት ጠባይ አጥኚው ሩዶልፍ ሼንክል በ1947 በአጥር የተያዙ ተኩላዎችን አይቶ ከጻፈው በኋላ ሲሆን፣ በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ ያሰራጨው ተመራማሪ ዴቪድ ሜክ ራሱ በ1999 በጫካ የሚኖር የተኩላ መንጋ በአብዛኛው ወላጆችና ልጆቻቸው የሚገኙበት ቤተሰብ መሆኑን ጽፎ አርሞታል። በ2009 ከፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ደግሞ የጠባይ ችግር ያለባቸውን ውሾች አሳዳጊዎች ጠይቆ፣ ውሻውን ከመቱት ወይም ከረገጡት 43 በመቶ፣ በጀርባው አጋድመው ከጫኑት 31 በመቶ የሚሆኑት ውሻው በቁጣ አጸፋ እንደመለሰላቸው መናገራቸውን ገልጿል። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበርም በ2021 ባወጣው የአቋም መግለጫ በሽልማት ላይ የተመሠረተ ሥልጠናን ብቻ ደግፏል።

ለሀስኪ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ቀላል ምት ለእሱ የጨዋታ ግብዣ ነው፤ ከባድ ምት ደግሞ እጅ ሲቀርብ መፍራትን ያስተምረዋል፣ የሚፈራ ውሻ የሚነክሰውም በጨዋታ አይደለም። የውሃ መርጫ ጠርሙስ ለስላሳ ቢመስልም ከዚሁ ወገን ነው፤ ሀስኪው ጠርሙሱ በእጅ ያለበትንና የሌለበትን ጊዜ ለይቶ ለማወቅ አይዘገይም። ውሻ እንዳያኝከው ዕቃ ላይ የሚቀባው መራራ ፈሳሽ ለወንበር እግርና ለሽቦ ይጠቅማል፣ ለእጅ ግን አይሆንም።

ጨርሶ መከልከል ወይስ በደረጃ ማስተው?

አሳዳጊዎች ብዙም የማያነሡት፣ ግን ከሁሉም በፊት ሊወሰን የሚገባው ምርጫ ይህ ነው። አንደኛው መንገድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥርስ ቆዳ እንዳይነካ ይከለክላል። ሁለተኛው፣ የእንስሳት ሐኪምና የውሻ ጠባይ አጥኚ የሆነው ኢያን ደንባር ያስፋፋው፣ በመጀመሪያ የንክሻውን ጥንካሬ፣ ቀጥሎ ብዛቱን ይቀንሳል፤ አጥብቆ ሲይዝ ብቻ ጨዋታው ይቋረጣል፣ ለስላሳው ንክሻ ለጊዜው ይታለፋል፣ ከዚያ ወሰኑ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ሁሉም ይቀራል። የሁለተኛው ጥቅም የወደፊቱን የሚያስብ መሆኑ ነው፤ መንጋጋውን መመጠን የተማረ ውሻ አንድ ቀን በሕመም ወይም በድንጋጤ ቢነክስ እንኳ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ የመሆን ዕድል አለው። ጉድለቱ ለስላሳውንና ጠንካራውን የሚለይ፣ ትዕግሥትና ጊዜ ያለው ጎልማሳ ሰው መሻቱ ነው። በመሆኑም አዋቂዎች ብቻ ባሉበት ቤት ለሚያድግ ትንሽ ቡችላ ደረጃ በደረጃ መሄዱን እመርጣለሁ። ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ቆዳው በቀላሉ የሚደማ ሰው ካለበት ወይም የመጣው ሀስኪ አስቀድሞ ያደገ ከሆነ ግን ጨርሶ መከልከሉ ይሻላል፤ 25 ኪሎ የደረሰ ውሻ ላይ ለስላሳና ጠንካራ እየተባለ የሚለካበት ጊዜ አልፏል።

ዘዴ ሳይመረጥ ችግሩ የሚቀልበት ሁኔታ

«አድክመው፣ ይተዋል» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። ጎልማሳ ሀስኪ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ውሎ ማታ ክንድ ቢይዝ ሊገርም አይገባም፤ አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት መሮጥ፣ በማሽተት ምግብ መፈለግና የሚታኘክ ነገር ማግኘት ያስፈልገዋል። ቡችላ ግን በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት የሚተኛ ፍጥረት ነው፣ ደክሞም የሚያርፍበትን አያውቅም። ከረጅም ጨዋታ በኋላ ምሽት ላይ በክፍሉ ዙሪያ የሚበርና ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ቡችላ ተጨማሪ ሩጫ አያሻውም፤ ጸጥ ያለ ጨለም ያለ ቦታና የሚያኝከው ነገር ቢሰጠው በደቂቃዎች ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ንክሻው ከዕረፍት በኋላ የሚመጣ ከሆነ ሥራ፣ ከብዙ ጨዋታ በኋላ የሚመጣ ከሆነ እንቅልፍ ይቅደም።

ሕፃናት ባሉበት ቤት ዘዴውን የሚፈጽሙት አዋቂዎች ናቸው። ልጅ ሲነከስ ይሮጣል፣ ይጮሃል፤ ይህን አታድርግ ማለት ከንቱ ነው። አዋቂ አጠገባቸው በሌለበት ጊዜ ልጁንና ሀስኪውን የሚለይ አጥር ይኑር። እንደ ቅርጫት የተሠራው የአፍ መሸፈኛም ለውሻው ቀስ በቀስ ከተላመደ በሕክምናና በአስጊ ሁኔታ ይጠቅማል፤ ንክሻን ይከላከላል እንጂ አያስተምርም፣ ቡችላ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚደረግም አይደለም።

የባለሙያ ምርጫም እንደ ውሻው ነው። ለቡችላ በቡድን የሚሰጥ ሥልጠና ከሌሎች ቡችሎች ጋር መንጋጋውን እንዲመጥን ስለሚያግዝ ይመረጣል። በቤት ውስጥ በተወሰነ ሰው ላይ ብቻ ለሚነክስ ወይም እንግዳ ለሚያስቸግር ቤት ድረስ የሚመጣ አሰልጣኝ ይሻላል፤ ከመቅጠር በፊት ውሻው ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግ ይጠየቅ፣ መልሱ ማነቅ ወይም ማጋደም ከሆነ ሌላ ይፈለግ። ምግቡን ወይም ዕቃውን እየጠበቀ ለሚነክስ፣ ሰውነቱ ደርቆ ደጋግሞ ቆዳ ለሚበሳ ውሻ ግን በጠባይ ላይ የሠለጠነ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋል። በማናቸውም ንክሻ ቆዳ ከተበሳ ቁስሉ ሳይዘገይ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ የውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተሟላ መሆኑም ይረጋገጥ፣ ተነካሹ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂድ።